ዘይት አልባው የጾም ኬክ፦ መጠነኛ ጥናት

የጾም ኬክ ምንነት አስቀድሞ መበየን አለበት። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ሲቀሩ በእጅ የሚተርፈው ሦስት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ ስኳር፣ ውሃ፣ ጥቂት አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ብርጭቆ ዘይት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጤና ስም የሚከሰሰው ዘይቱ ብቻ ነው። ስኳሩ እስከ ዛሬ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ጥናቱ የተነሣው ከዚሁ ነው።

የዘይቱ ጥፋት አያከራክርም፤ በግራም 9 ካሎሪ ይይዛል፣ ስኳር ግን 4 ገደማ። ውለታው ግን አይነሣለትም። ዘይት የዱቄቱን ፕሮቲን ለብጦ ከውሃው ጋር እንዳሻው እንዳይያያዝ ያግደዋል፤ ኬክ ኬክ ሆኖ የሚቀረው፣ ዳቦ የማይሆነው በዚህ ነው። እንደ ውሃ ስለማይተንም ኬኩ በማግስቱ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ተተኪ የሚመጣው በስልክ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር እህት «በዘይቱ ፋንታ አፕል ሶስ አድርጊበት፣ እኛ ዘይት ከተውን ቆየን» ትላለች። እዚያ የተፈጨ ፖም ታሽጎ ከየሱቁ ይገዛል። እዚህ ፖም በጨንቻ ደጋ ቢበቅልም፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ታማሚ ሲጠየቅ የሚያዝ ፍሬ ነው። ለኬክ ብላ አንድ ኪሎ ፖም ይዛ የገባች ሴት ከደጅ ጀምሮ «ማን ታመመ?» መባሏ የአሠራሩ የጎንዮሽ ጉዳት ሆኖ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ጥናቱ ወደ ሙዝ ያዘነብላል። የአርባ ምንጭ ሙዝ ቆዳው ጠቁሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲጠየፈው ለኬክ ብቁ ይሆናል፤ ጤናና ቁጠባ የሚገናኙበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። እንከኑ ሦስት አራተኛው ውሃ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነም ኬኩ ሳይበስል ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። ለቆላ ከተማ በተጻፈ አሠራር ላይ ሙዝ የጨመረ ሰው ዳር ዳሩ ኬክ፣ መሐሉ ገንፎ የሆነ ነገር ያወጣል። የቤቱ እመቤት «ርጥበቱ እኮ ነው» ትላለች። እንግዶችም በሙሉ ድምፅ ይቀበላሉ።

አቮካዶ ከተተኪዎች ሁሉ ሐቀኛው ነው። 15 በመቶ ያህሉ ቅባት በመሆኑ ዘይትን የሚተካው በዘይት ነው፤ ቅባቱ በአብዛኛው የወይራ ዘይት ዓይነት መሆኑ ግን ያስመሰግነዋል። ካካዎ ካልሸፈነው በስተቀር በልደቱ አረንጓዴ ኬክ የቀረበለት ልጅ ሻማውን እፍ ብሎ ወደ ፈንዲሻው ይዞራል። እርጎም ጥሩ ይሠራል፤ በጾም ግን ጉዳዩ ከምግብ ሳይንስ ወጥቶ ወደ ንስሐ አባት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከላይ በተጠቀሰው መጠን የተጋገረ ባለ ዘይት ኬክ ለ12 ሲቆረስ አንዱ ቁራሽ 400 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ዘይቱ በሙዝ ሲተካ ወደ 260 ይወርዳል። ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው አጭር ነው እንጂ። ባለ ዘይቱን «ኧረ በቃኝ፣ ቅባት ከልክለውኛል» ብሎ በአንድ ቁራሽ የሚያበቃ ሰው፣ «ዘይት የለበትም፣ በሞቴ!» ሲባል ሁለተኛውን ይቀበላል፤ 520። ከአቦል እስከ በረካ የቆየ እንግዳ ሦስተኛውን እንቢ ለማለት አቅም ሲያንሰው ታይቷል፤ 780።

ከባዱ ግኝት የመጣው ከኦቨኑ ጎን ነው። ኬኩ በሙዝ ሲጋገር ምስር ወጡ አጠገቡ ይንተከተካል፤ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም ይባላል፣ የሠራችውም ትታማለች። በወጥ ውስጥ ያለ ዘይት ሙያ ነው፤ በኬክ ውስጥ ያለ ዘይት ኮሌስትሮል ነው። ሁለቱም ከአንድ ጀሪካን መቀዳታቸው፣ የቅባት እህል ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ ኮሌስትሮል የሌለው መሆኑ ይህን ክፍፍል አላናጋውም። ኬክ አልፎ አልፎ፣ ወጥ ግን በየቀኑ እንደሚበላ ለማስረዳት በተሞከረበት ቤት፣ ተመራማሪው ቡናው ሁለተኛ ሳይደርሰው ተሸኝቷል።

ምክረ ሐሳቡ ረጅም አይደለም። ከዘይቱ ግማሹን በሙዝ ተክቶ ግማሹን ማስቀረት ኬኩን አያበላሸውም። የቀረው ግማሽም የኑግ ወይም የሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው የቅባት ዓይነት ነው። ስኳሩ በሩብ ቢቀነስ ደግሞ በዚህ ከፍታ ኬኩ ይበልጥ ይቆማል እንጂ አይወድቅም። በቤትዎ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ከዘይቱ በፊት ስኳሩን ይቀንሱ።