ጤና አዳሜን የወረሰችው ወፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 14 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ አቦምሳ

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ የእውነት ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ ስልኩ እየተቆራረጠ «ወፍ... አልለቅ አለችኝ... ወር ሊሞላኝ ነው...» ስልሽ የደረሰሽ ይኸው ብቻ ነው መሰለኝ፣ ማታውኑ እህቴ ከአሰላ እያለቀሰች ደወለች። «የወፍ በሽታ ይዞታል» ብለሽ ሰፈሩን አዳርሰሻል አሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ዱዓ አድርገዋል፣ አንቺ ስለት ተስለሻል፣ የሥር መድኃኒት የሚያውቅ ሰውም ተገኝቶ በመንገደኛ ሊላክልኝ ነው። እማዬ፣ ዓይኔ ቢጫ አልሆነም። ጉበቴም ሰላም ነው። የያዘችኝ ላባና ክንፍ ያላት የእውነት ወፍ ናት። መድኃኒቱ ይቅር። ስለቱን ግን አታጥፊው፣ ለመኖሪያ ወረቀቴ ይዙርልኝ።

ነገሩ የመጣው ሰው መምሰል ስላማረኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቤዝመንት ከኖርኩ በኋላ አምና በረንዳ ያለው ቤት ተከራየሁ። የዚህ አገር በረንዳ እንዳንቺው ቡና የሚፈላበት፣ ጤፍ የሚለቀምበት አይደለም። ባለቤቱ ከጣሪያው ላይ በሰንሰለት የአበባ ቅርጫት ይሰቅልና መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ አበባውን የሚያየው ጎረቤት ነው። እኔም ቅርጫቱን ገዛሁ። አበባው ላይ ስደርስ ግን ለሚረግፍ ነገር ገንዘብ ማውጣቱ አልዋጥልህ አለኝና ከሐበሻ ሱቅ ያገኘሁትን ጤና አዳም ተከልኩበት። አንቺ በመርቲ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተክለሽ መስኮት ላይ የምትደረድሪው ዓይነት ማለት ነው፣ የኔው በሰንሰለት መንጠልጠሉ ብቻ ነው ልዩነቱ። የላክሽልኝን የጎሎልቻ ቡና እሑድ እሑድ እያፈላሁ፣ ብድግ ብዬ አንድ ቅንጣቢ ቀጥፌ ሲኒዬ ላይ ጣል ሳደርግ የአሜሪካን ኑሮ የጨረስኩት መሰለኝ።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ የምትመስል ወፍ ሣር በአፏ እየያዘች ትመላለስ ጀመር። ባሏ ከራሱ እስከ ደረቱ በርበሬ የተደፋበት ይመስላል። ስማቸው ሐውስ ፊንች ነው። እኔም ናቅኋቸው። እንዴት አልንቅ? ግሪሳ ያባረርኩ ልጅ አይደለሁም?

በአጎቴ ማሽላ ላይ የነበረውን ማማ ታስታውሻለሽ። እሸቱ መቅላት ሲጀምር ግሪሳው ከአዋሽ በኩል ወፈ ሰማይ ሆኖ ይመጣና ፀሐይዋን ይጋርዳል። በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥር የሚስተካከለው የለም ይሉታል፤ እኔ ደግሞ ሁሉም በአጎቴ ማሳ ላይ ያረፉ ይመስለኝ ነበር። አንዷ 20 ግራም ብትሆን ነው፣ በቀን ግን የራሷን ክብደት ግማሽ ያህል እህል ትበላለች። መንግሥት አውሮፕላን ያዘምትባቸዋል፤ እኛ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጉሮሮ ነበረን። ወፍ ጭጭ ሳይል ማማ ላይ ወጥቼ ጀምበር እስክትጠልቅ እጮሃለሁ፣ ድምፄ ዘግቶ እመለሳለሁ፣ አንቺ ማር በሎሚ ታጠጪኛለሽ። ያንን ሠራዊት የመለሰ ሰው ባልና ሚስት ሁለት ወፍ ያቅተዋል?

መጀመሪያ ወጥቼ ጮኽኩባት። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች አይደል የሚባለው፣ እኔም እንዳገሬ ጮኽኩ። ወፏ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችኝ፤ ከመኪናው ሊወርድ የነበረ ጎረቤቴ ግን ተመልሶ በሩን ዘጋ።

ቀጥሎ አጎቴ በማሽላው ላይ የሚወጥረው የካሴት ክር ትዝ አለኝ። ካሴት አሁን ከየት ይመጣል? የድሮ የሠርግ ዘፈን ሲዲዎች ፈልጌ በረንዳው ዙሪያ አንጠለጠልኩ። ፀሐይ ሲመታቸው ያብለጨልጫሉ፣ ነፋስ ሲያገኛቸው ይሽከረከራሉ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ማኅበር የቤቱን መልክ አበላሽተሃል ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ይህ ማኅበር እንደ እድር በየወሩ ገንዘብ የሚሰበስብ ነው፤ ድንኳን የለውም፣ ንፍሮ የለውም፣ ማንንም አይቀብርም። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሲዲዎቹን አወረድኩ። ወፏ ሣሯን ቀጠለች።

ከዚያ የሠራሁትን ለአባባ አትንገሪያቸው። ወፍ ጉጉት ይፈራል ሲሉኝ 20 ዶላር ከፍዬ የፕላስቲክ ጉጉት ገዛሁና የበረንዳው አጥር ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኑ ፈጧል፣ አንገቱ ነፋስ ሲነካው ይዞራል። ለዳግማይ ትንሣኤ ቡና የጠራኋቸው እንግዶች መጡ። ከፊት የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ የሁላችንም እማማ፣ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። ጉጉቱ አንገቱን አዞረላቸው። «በስመ አብ!» ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡና «ልጄ፣ ማን አስደረገብህ?» አሉኝ። ፕላስቲክ ነው ብላቸው «ፕላስቲክማ አሠራሩ ነው» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ፤ የቀሩትም ተከተሏቸው። በገዛ ገንዘቤ መርዶ ነጋሪ ገዝቼ እንግዶቼን አባረርኩ። ወፏስ? በማግስቱ ጉጉቱ ጭንቅላት ላይ ቆማ ክንፏን ስታጸዳ አገኘኋት። ከቦታው የማይነቃነቅ ጠላት ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚያስፈራው አሉኝ፤ ይህን የሚነግሩሽ ከገዛሽ በኋላ ነው።

እኔ በጉጉቱ ስተማመን እሷ አራት እንቁላል ጣለች። ውኃ ሰማያዊ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። እንግዲህ ጎጆውን ከነእንቁላሉ አንስቼ ዛፍ ሥር ላኑረው ብዬ ወንበር ላይ ስወጣ፣ አጠገቤ ያሉት ጡረተኛ ፈረንጅ ከግቢያቸው «እንዳትነካው!» ብለው ጮኹ። ለካ ወፍ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ከሳቸው በኋላ ራሴ ኢንተርኔት ገብቼ አነበብኩት። ሕጉ የወጣው በፈረንጅ 1918 ነው፣ በኛ 1910፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ እያሉ። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ሴቶች ባርኔጣ በላባ ካላጌጠ አይሆንም ተብሎ ወፍ ሊያልቅ ሲል ነው የደነገጉት። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የአገሬውን ወፍ ጎጆ ያፈረሰ እስከ 15,000 ዶላር ይቀጣል፣ እስከ 6 ወርም ይታሰራል። ጎጆው ገና ባዶ ሳለ ሣሩን በየጧቱ ብጠርግባት ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

እስኪ አስቢው እማዬ። ለወረቀቴ ቀጠሮ ስጠብቅ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ቀኑ ደርሶ «ታስረህ ታውቃለህ?» ሲሉኝ «አዎ፣ በወፍ» ልበል? ከወንበሩ ወረድኩ። ወንበሩንም ወደ ቤት አስገባሁ፣ ሐሳብ ነበረው እንዳይባል።

ሕጉ ሁሉንም ወፍ አያቅፍም። ድንቢጥ ጥንት ከእንግሊዝ አገር የመጣች ናትና ጎጆዋ ቢፈርስ ከሳሽ የላትም፤ ከውጭ ለመጣ ከለላ የለም። ይህን ሳነብ ትንሽ ሆዴ ባባ። የኔዪቱም ብትሆን ለዚህ አካባቢ መጤ ናት፤ አገሯ በስተምዕራብ ካሊፎርኒያ ነው። ዘሮቿን ነጋዴዎች «ሆሊውድ ፊንች» እያሉ ኒውዮርክ ውስጥ በሽቦ ቤት ሲሸጡ፣ ያው የ1918ቱ ሕግ ሊይዛቸው ሲል በፈረንጅ 1940፣ ጣልያን ገና አዲስ አበባ ተቀምጦ ሳለ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ለቀቋቸው። ከዚያ ተባዝተው ምሥራቁን ሁሉ ሞሉት። እንግዲህ እሷ ስትመጣ ወረቀቷን ይዛ ነው የመጣችው።

አሁን የምኖረው በጓሮ በር ነው። ከሌሊት ሥራ ስመለስ የፊቱን በር ብከፍተው ብር ትላለች፤ ጫጩቶቹን ጥላ እንዳትሄድ ብዬ መኪናዬን አቁሜ ቤቱን ዞሬ እገባለሁ። ጤና አዳሙ እንዳይደርቅ በሲኒ ውኃ ይዤ፣ ጎጆውን ሳልነካ፣ ከዳር በኩል ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። እሷ ተቀምጣ ታየኛለች፣ እንደ ቤት አከራይ። ቡናዬን ያለ ጤና አዳም እጠጣለሁ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እናትና አባት የልጆቻቸውን ኩስ የሚያነሡት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ የዛሬው የበረንዳዬ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም። ጤና አዳም ድመት ያርቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይህች ወፍ ሳትሰማ አልቀረችም።

ለከርሞ መጋቢት ሳይገባ ቅርጫቱን ወደ ቤት አስገባዋለሁ፣ ወይም በሽቦ ወንፊት እሸፍነዋለሁ። ጡረተኛዋ ጎረቤቴ የፕላስቲክ ሹካ ጥርሱን ወደ ላይ አድርገህ አፈሩ ላይ ትከል ብለውኛል። ሹካውን ገዝቻለሁ፤ ጤና አዳሜ መሐል ሹካ በቅሎ ሳየው ግን ምን እንደምል አላውቅም።

እናቴ፣ ለሐጂ ሰላም በይልኝ፤ ዱዓቸው አይባክንም፣ ወደ ጫጩቶቹ ይዙር። ለእህቴ ልቅሶው ይቁም በያት። ለአጎቴ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላቸው።

ያንቺው ልጅ

ግንቦት 22፦ ሥራ በዝቶብኝ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳልወስደው ሳምንት አለፈ። ጫጩቶቹ ባለፈው እሑድ በረሩ፣ አራቱም። የመጨረሻው አጥሩ ላይ ሲያመነታ እኔ ከመስኮቱ ኋላ «አይዞህ!» ስለው ነበር። ዛሬ ጧት በፊት ለፊት በር ወጣሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ቡናው ተጥዷል፣ መቀስ ይዣለሁ፣ ወንበሩንም አወጣሁት። ባልየው ከጣሪያው ላይ ቆሞ ይዘፍናል። ወጥቼ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብል አንድ አዲስ እንቁላል።

መቀሱን ኪሴ ከትቼ በጓሮ በኩል ተመለስኩ።