ሁሉም ሰው 20 ይተነፍሳል

አልጋ 1፣ ትንፋሽ በደቂቃ 20። አልጋ 2፣ 20። አልጋ 3 ላይ ኦክስጅን ተሰክቶላቸው ደረታቸው አልጋውን የሚያነቃንቀው አዛውንት፣ እሳቸውም 20። ተረኛው ወንድሜ፣ ይሄ ዎርድ ነው ወይስ ማርሽ ባንድ?

«ሥራ በዝቶብኝ ነው!»

በዝቶብሃል፣ ማን ካደ! ዎርዱን ብቻህን ይዘህ፣ ጓንት ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ስትሮጥ እንደምታድር አውቃለሁ። ጊዜ ካጣህ ግን ቻርቱ ላይ ቦታውን ባዶ ተወው። ባዶ ቦታ «አልተለካም» ብሎ ይጮሃል፤ ጠዋት ዙር የሚወጣው ሐኪም አይቶ ያስለካል። የፈጠርከው 20 ግን «ሰላም ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ደግሞ ምርጫህ! የአዋቂ ጤነኛ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ነው ስለተባልክ፣ ድንበሩ ላይ ቆመህ ትዋሻለህ። ሕመምተኛ ሲብስበት ቀድመው ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ መሆኑን ለፈተና ሸምድደኸው ነበር እኮ!

«እኔ የናይቲንጌልን ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ነርስ ነኝ!»

መሐላውን እሷ አልጻፈችውም፤ በ1893 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ በስሟ የተዘጋጀ ነው። የራሷን ሥራ ከጠየቅከኝ፣ በክራይሚያ ጦርነት በቁስል ከሞተው ወታደር በበሽታ ያለቀው እንደሚበልጥ በቁጥር አስልታ፣ በሥዕል አስደግፋ፣ ባለሥልጣናቱን ያፋጠጠች ሴት ናት። ቆጥራ በጻፈች ሴት ምለህ ሳትቆጥር ትጽፋለህ?

አስታማሚ፣ አትሳቅ፤ ተራህ ደርሷል።

«ሲስተር፣ የኔን አባት አስቀድሚልኝ፤ ሜትሮኗን አውቃቸዋለሁ።»

«እኔም አውቃቸዋለሁ። የባሰበትን አስቀድሚ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

እሰይ! (ይቺን የመለሰችው ወንድ ብትሆን ኖሮ «እሺ ዶክተር» ትላት ነበር። ሐኪሟን «ሲስተር»፣ ወንዱን ነርስ «ዶክተር» የምንል ሕዝብ አይደለን!)

የሚከብደው ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ የሚመጣው ነው። የአንዲት ታማሚ እናት ልጆች ሲስተርን ይከቧታል፦ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪያት፤ በድንጋጤ ትሞትብናለች። ጨጓራ ነው በያት።» ጸጉር የሚያረግፍ የጨጓራ መድኃኒት የት ነው የሚሸጠው? እናትየዋ ሞኝ አይደሉም። ልጆቹ ምሳ ሊያመጡ ሲወጡ ይጠብቁና የነርሷን እጅ ይይዛሉ፦ «ልጄ፣ በማርያም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምንድን ነው ያገኘኝ?»

«ጨጓራ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ «ዶክተሩን ይጠይቁ» ብሎ መሸሽም እንደዚያው። ጎበዟ ነርስ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፦ «እማማ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋሉ?» «አልፈልግም፣ ለልጆቼ ንገሩ» ካሉ መብታቸው ነው። «ልወቅ» ካሉ ሐኪሙን ይዛ ትመጣለች፤ የልጆቹን ቁጣም ትችላለች። ስንቷ እናት ናት «እኔማ አውቄዋለሁ፤ ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ዝም አልኩ» የምትለው!

እናንተ ልጆች፣ በሽታው የእናታችሁ ነው፤ ወሬውም የሳቸው ነው። ሲስተርን አታስዋሿት፤ ዋሾ ከፈለጋችሁ ከዘመድ ምረጡ።