አምስት ድምፃዊ፣ አንድ ጊታር

በርሚንግሃም ውስጥ በሰላም መኖር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር አይጠይቅም። አንደኛው «የአስተን ቪላ ደጋፊ ነህ ወይስ የበርሚንግሃም ሲቲ?» የሚለው ነው፤ ይህን አገሬው ራሱ አስቀድሞ ይነግርሃል። ሁለተኛው «ከብላክ ሳባዝ ባንድ ድምፃውያን ማን ይበልጣል?» ነው። ይህን ማንም አይነግርህም፤ ጠቡ መሐል ተቀምጠህ ሻይህ ሲቀዘቅዝ ነው የምታውቀው።

የሌሊት ፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንዱ ጺማም፣ አንዱ ራሰ በራ። ሁለቱም ጥቁር ቲሸርት እንጂ ሌላ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። እንግዳ ሰው ወንድማማች ናቸው ብሎ ይምላል። ጺማሙ ግን የኦዚ ኦዝቦርን ወገን ነው፤ ራሰ በራው የሮኒ ጄምስ ዲዮ። ዝምድናቸው እዚያ ላይ ያበቃል።

ጺማሙ ማስረጃውን ከሥሩ ይጀምራል። አራት የአስተን ሰፈር ልጆች በ1968 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ባንድ መሠረቱ፤ የመጀመሪያውን አልበም በአንድ ቀን ቀድተው በየካቲት 1970 አወጡት፤ ዓመቱ ሳያልቅ «ፓራኖይድ» ተከተለ። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ራሱ ቀዳዳ ለመሙላት በጥድፊያ የተሠራ ነበር። «ለጥድፊያ ሥራ ይህን ያህል ዕድሜ የሰጠው ማን ነው? ኦዚ!» ይላል፣ ጠረጴዛውን እየመታ።

«ኦዚ መቼ ዘፈነ?» ይላል ራሰ በራው። «ጊታሩ በሄደበት ተከትሎ ጮኸ እንጂ።» እውነቱን ለመናገር፣ «አይረን ማን» ላይ ዜማው ከጊታሩ ጋር አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ኦዚ በ1979 ሲባረር ከአሜሪካ የመጣው ዲዮ ግን በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል» ላይ ጊታሩን ትቶ በራሱ መንገድ ወጣ። ሰውየው ቁመቱ አጭር ነበር፤ ድምፁ ግን ጣራ ይከፍታል። ዛሬ የሮክ አፍቃሪ ሁሉ የሚያሳየውን የሁለት ጣት ቀንድ ያስፋፋው እሱ ነው። «ምልክቱን ያየሁት ከጣሊያናዊት አያቴ ነው፣ የሰው ዓይን የምትከላከልበት ነው» ይል ነበር። ይህን ስሰማ ለዲዮ ልቤ ራራ። ቡዳ የምትፈራ አያት ያለው ሰው ለእኔ ባዕድ አይደለም።

ጺማሙ አይበገርም። «ዲዮ ዘንዶና ቀስተ ደመና እያለ ተረት ያወራል፤ ኦዚ ስለ ጦርነት፣ ስለ እኛ ኑሮ ነው የዘፈነው!» እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቼ አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር መሆኑን ባነሳ፣ ሁለቱም እንደ ነገረኛ አዩኝ። የጺማሙ የመጨረሻ ማስረጃ የብሮድ ስትሪት ወንበር ነው። ከተማው በ2019 በባንዱ ስም በሰየመው ድልድይ ላይ የቆመ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ፊት አለበት። «ሄደህ እይ! ዲዮ አለ?» ራሰ በራው ወንበር ለቱሪስት ነው ባይ ነው።

አብረው የሚስቁት የኢያን ጊላን ዘመን ሲነሳ ብቻ ነው። ከዲፕ ፐርፕል ባንድ መጥቶ በ1983 «ቦርን አጌይን»ን ሠራ፤ ሽፋኑ ላይ ቀንድ ያበቀለ ቀይ ሕፃን አለ። ለኮንሰርት ጉዞው መድረክ የስቶንሄንጅ ድንጋዮች ምስል ታዘዘ። እንደሚተረከው ልኩ በጫማ ታስቦ ሠሪዎቹ በሜትር ሠሩት፤ በየአዳራሹ በር አልገባ አለ። ይህን ሲያወሩ እንባቸው ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጠባቸው ይመለሳሉ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በእኛ አገር ካሴቱ ላይ ፎቶው የድምፃዊው፣ ስሙም የድምፃዊው ነው፤ ሮሃ ባንድ ያን ሁሉ ሰው ሲያጅብ ከሽፋኑ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ነበር የሚጻፈው። እዚህ ደግሞ ስሙ የባንዱ ሆኖ ጠቡ የድምፃዊው ነው። 19ኙም የስቱዲዮ አልበሞች ላይ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ አፉን የማይከፍተው። በ17 ዓመቱ፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራውን በሚለቅባት የመጨረሻ ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። የሳሙና ጠርሙስ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ኋላም ክሩን አላላው። በ1971 «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ያለው ደረት የሚነቀንቅ ጉርምርምታ ከዚህ የመጣ ነው። በ1986 ግሌን ሂውዝ የዘፈነበትን «ሰቨንዝ ስታር» አዮሚ ለብቻው ሊያወጣ ሲል የሙዚቃ ኩባንያው የባንዱ ስም ካልገባበት አለ፤ ሽፋኑ ላይ «ብላክ ሳባዝ፣ ቶኒ አዮሚን ጨምሮ» የሚል ታተመ። ባለቤቱ ለገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ።

«አንተስ?» አሉኝ አንድ ቀን። ቶኒ ማርቲን አልኩ። ጸጥ አሉ። ማርቲን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ከ1987 እስከ 1995 አምስት አልበም ዘፈነ። መሐል ላይ ዲዮ ሲመለስ ሸኙት፤ ዲዮ ሲሄድ ጠሩት፤ በ1997 ኦዚ ሲመለስ ማርቲንን ያስታወሰ አልነበረም። ልክ እንደ እኔ የኤጀንሲ ሠራተኛ፦ ሰው ሲጎድል ይደወልልሃል፣ ባለቦታው ሲመጣ ጃኬትህን ታነሳለህ። «ሄድለስ ክሮስ» የሚለውን አልበሙን ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ግፍ ይሠራል። ስሙ ቢያስፈራም ሬዲች ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ያደርስበታል።

ሐምሌ 2025 ኦዚ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ተሰናብቶ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት፣ ራሰ በራው ሐዘን ነው ብሎ የዲዮን ስም ሳያነሳ ሰነበተ። የሻይ እረፍታችን ሞተ። በመጨረሻ «ምነው፣ ዲዮን ተውከው እንዴ?» ያለው ጺማሙ ራሱ ነበር።

ጠቡ እንደገና ደመቀ። ዛሬ ሌሊት ግን ፎርክሊፍት ነጂው፣ ዓመት ሙሉ ጆሮውን ደፍኖ ሳንድዊቹን የሚበላው ሰው፣ «ምርጡ ድምፃዊ ቢል ዋርድ ነው» አለ። ድራመሩ! በ1976 «ኢትስ ኦልራይት»ን የዘፈነው እሱ ነው አለና ስልኩን ከፈተ። ጺማሙና ራሰ በራው እኩል ተነሡ፤ ጎን ለጎን ቆመው፣ በአንድ ድምፅ፣ ሰውየውን መስደብ ጀመሩ።