ሃይማኖት ለእሑድ፣ ባዮሎጂ ለሰኞ

ለንደን ያላችሁ የሐበሻ ወላጆች፣ እሰይ! ዘንድሮም ሳይቃጠል በቅጠል ብላችሁ ልጁን አዳናችሁት።

ነገሩ ከባድ ነበር። ልጁ ይር ናይን ደርሶ የትምህርት መምረጫ «ኦፕሽን» ቅጹን ይዞ መጣና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ከሚጥሚጣው ብልቃጥ አጠገብ ዘረጋው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ግዴታ ስለሆኑ አላሳሰባችሁም። ለጂሲኤስኢ ፈተና እሱ ራሱ የሚመርጣቸውን ግን አንድ በአንድ መረመራችሁ፤ ታሪክ ይሁን፣ ኮምፒውተር ተባረክ። ሦስተኛው ላይ አባት መነጽሩን አወለቀ፣ እናት ግድግዳው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ዞራ አማተበች። ልጁ የሃይማኖት ጥናት መርጧል።

«ምን በደልንህ?» አላችሁት። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነስታችሁታል። እሑድ እሑድ በሌሊት ቀስቅሳችሁ፣ ሁለት አውቶቡስ አቀያይራችሁ ቅዳሴ አድርሳችሁታል። በስሙ ያልገባ ስለት፣ ያልበራ ጧፍ የለም። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ዶክተር እንዲሆን እንጂ ስለ ሃይማኖት እንዲያስብ አይደለም። ፈጣሪ ራሱ ቢጠየቅ «ባዮሎጂውን ያጥብቅ» ነው የሚለው። ደግሞስ የሃይማኖት ጥናት ምን ያበላል?

በዚህ አቋማችሁ ብቻችሁን የቆማችሁ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው ሕግ የሃይማኖት ትምህርት በትምህርት ቤት ግዴታ እንዲሆን አዘዘ፤ ግዴታነቱ ዛሬም አለ። በ2010 ደግሞ «ኢባክ» የሚባል የምርጥ ትምህርቶች ዝርዝር ሲያዘጋጅ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ ቋንቋን፣ ታሪክን ወይም ጂኦግራፊን አስገብቶ ሃይማኖትን ደጅ አስቀረ። ይማሩት፣ ግን አይቆጠርላቸው! አገሩን ለመዳችሁት ስንል ለካ አገሩ እናንተን ለምዷል።

አደጋው ያለው ደግሞ ይዘቱ ላይ ነው። ከ2016 ወዲህ ይህን ጂሲኤስኢ የሚወስድ ተማሪ ሁለት ሃይማኖት ማጥናት አለበት፤ ብዙ ቦታ ክርስትናና እስልምና ናቸው። ልጃችሁ ስለ እስልምና ሊያነብ! አክሱም የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማስጠጋቷን በየሠርጉና በየለቅሶው ለፈረንጅ ጎረቤት የምትተርኩት እናንተ ናችሁ፤ ሰዎቹ ምን ያምኑ እንደነበር ልጁ ቢጠይቅ ግን ድፍረት ነው። እንግዳን ማስጠጋት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።

ከዚያ የባሰው ፈተናው ላይ የሚመጣው ባለ 12 ማርክ ጥያቄ ነው። አንድ አባባል ይቀርብለታል፤ ለምሳሌ ጦርነት በምንም ምክንያት ልክ ሊሆን አይችልም የሚል። ተማሪው አባባሉን የሚደግፍ ምክንያት ያቀርባል፣ ቀጥሎ ተቃራኒውን ወገን በእኩል ትጋት ይሞግትለታል፣ ከሃይማኖቱ ትምህርት ያጣቅሳል፣ በመጨረሻ አመዛዝኖ ይደመድማል። ይህን ክፉ ልማድ ቤት ይዞት ቢመጣስ? ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስታወሩ «የሌላውስ ወገን ሐሳብ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ቡናው በምን አፍ ይጠጣል? አንዳንድ አዋቂ ነኝ ባይ ይህ የባዕድ አገር ፈሊጥ ሳይሆን የራሳችን ነው ይላችሁ ይሆናል፤ የእኛ የመጻሕፍት ቤት መምህራን አንዱን ንባብ አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ እያሉ በየፊናው ሲፈቱት ኖረዋል ብሎ። እውነት ነው። እነሱ ግን ጎንደር ነበሩ፤ በፓውንድ ቤት ኪራይ አይከፍሉም።

መቼም ከመካከላችሁ የሚያፈነግጥ አይጠፋም። «ውሰድ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ያደግህ አይደለህ? 9 ታመጣበታለህ፤ ነጥብ ያሟላልሃል» የሚል አባት አለ። በዚህ ስሌትማ ልጁ የጾም ምስር ክክ በመብላት ብዛት ፕሮፌሰር መሆን አለበት። የምንጾመው ለምንድን ነው ብሎ በጠየቀ ቁጥር «ዝም ብለህ ጹም» የተባለ ልጅ ፈተናው ወረቀት ላይ «ዝም ብለን ነው» ብሎ ቢጽፍ ስንት ማርክ እንደሚሰጡት አባትየው ያጣራ።

ለማንኛውም ቅጹ ላይ ስለሰረዛችሁት ብቻ እፎይ አትበሉ። ለፈተና ባይመርጠውም ግዴታው የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ይከተለዋል። አትደንግጡ፤ ሕጉ ለወላጅ በር ከፍቷል። ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ከጻፋችሁ ልጁን ከክፍሉ ታስወጣላችሁ፤ ምክንያት ስጡ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። ደብዳቤውን እንደ ካውንስሉና እንደ ጋዝ ኩባንያው ደብዳቤ ያው ልጁ ይጻፍላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ለሌላ ሰው አስነብቡት፤ የእናንተን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ፣ የራሱን በሌላ አንቀጽ አስፍሮ፣ አመዛዝኖ ደምድሞ እንዳይሆን።