አምፖሉን አጥፉት!

የዘመድ ሠርግ አንድ ወር ሲቀረው ከአያቴ የወረስኩትን የመንዝ በርኖስ ከሣጥን አወጣሁ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ደሞዝተኛውን ሁሉ ባላባት የሚያስመስል በርኖስ ነው። መስኮቱ ላይ ዘርጋ አድርጌ ሳየው ጀርባው ኮከብ የፈሰሰበት የጥቅምት ሰማይ መስሏል።

«ብል ነው» አለች እማዬ፣ ዞር ብላም ሳታይ።

ብልን እስከዚያ ቀን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። ማታ ግን ቀና ስል ትንንሽ የእሳት እራቶች አምፖሉን ይዞሩታል። ተያዙ! ነጠላ ጫማዬን ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ። የወንበሩ አንድ እግር ድሮም አይታመንም ነበር፤ እኔ ረከቦቱ ላይ አረፍኩ፣ ሁለት ሲኒ ተሰበረ፣ እራቶቹ ዙራቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ዘዴ ቀየርኩ። እሳት ከሌለ እራት የለም አልኩና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ «አምፖሉን አጥፉት!» ማለት ሆነ ሥራዬ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በሞባይል መብራት ሠሩ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ካርድ አልቆባችሁ ነው? ልሙላላችሁ?» እስከማለት ደረሰች።

በሳምንቱ አምፖሉ ሥር ሞቶ ያገኘሁትን አንድ እራት በክብሪት ቀፎ ከትቼ ሰብል ጥበቃ ላይ ወደሚሠራ ወዳጄ ወሰድኩት። በአጉሊ መነጽር አየውና ሳቀ።

«ይሄ በርኖስ አይበላም። ሽሮ ነው የሚበላው።»

እኔንም አሳየኝ። ከጥፍሬ የማይበልጠው ነገር ልብስ ለብሷል፦ ክንፉ ወደ ትከሻው ገርጥቶ አመድማ ነው፣ ከመሃል ወደ ጫፉ ደግሞ የመዳብ ቀለም። እንግሊዞቹ «የህንድ ዱቄት እራት» ይሉታል አለኝ። ከህንድ መጥቶ እንዳይመስላችሁ። የድሮ አሜሪካኖች በቆሎን ከቀይ ህንዶች ስላገኙት ዱቄቱን «የህንድ ዱቄት» አሉት፤ ዱቄቱ ውስጥ የተገኘውም ስሙን ወረሰ። ደረቅ በርበሬ እንኳ አይምርም አሉ። የሳይንስ ስሙ ፕሎዲያ ኢንተርፑንክቴላ ነው። የፍጥረታት ስም አውጪው ሳይንቲስት ሊኒየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ለትንንሾቹ እራቶች «ኤላ» የሚል ጅራት ስለቀጠለላቸው፣ ተከታዮቹም ልማዱን ስለያዙት፣ ዝርዝራቸው ሲነበብ የሰፈራችንን መዋዕለ ሕፃናት ስም የሚጠሩ ይመስላል።

«የኔውስ?»

ቲኒዮላ ቢሴሊየላ። ወርቅማ፣ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ብርሃን ካየች ወደ ጨለማ ሮጣ የምትገባ። «አምፖሉን ስታጠፋ» አለኝ ወዳጄ፣ «ደስ ያላት እሷ ናት።»

የእሳት እራት የሚለው ስም እሳት ለማይደርስባት አይሆንም ማለት ነው። እኛ ሰዎቹ ደግሞ ፍጥረትን በመልኩ ሳይሆን በአደረገው ወይም በአሟሟቱ ነው የምንጠራው፤ በራሪዋ የእሳት እራት፣ ሱፍ በሊታው ትል ብል፣ ማሳ የሚያወድመው ተምች። ተምችም እኮ የእራት ልጅ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በቆሎአችን ላይ የወረደው የአሜሪካ ተምች እናቱ ሌሊት የምትበር ግራጫ እራት ናት፤ እሷን ግን በስም የጠራት ገበሬ አላጋጠመኝም። እናትና ልጅ በየፊናቸው ይጠራሉ፣ ዝምድናቸውን የሚያውቀው መዝገብ ብቻ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ መብራቱን ሁሉ አበራሁ። እማዬ ወጥ ቤት ናት።

«ታዲያ ማነው የበላው?»

«ትሉ ነው፣ ልጇ። እናትየው ክንፍ ካወጣች በኋላ ምንም አትበላም፤ ለመብላት የሚሆን አፍ እንኳ የላትም።»

«እናት መቼ በልታ ታውቃለች» አለችና የሽሮውን ዕቃ ክዳን ከፈተች። አንዷ ብድግ ብላ ወደ አምፖሉ በረረች።