ትልቅ ዛፍ የማየት ሥርዓት፦ አጭር ጥናት

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ የሐበሻ ቤተሰብ ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ሊነሣ ይቀጣጠርና ረፋዱ ላይ ይነሣል። መዘግየቱ በሚገባ የታወቀ ክስተት ነው፤ እንጀራ ይጠቀለላል፣ ዶሮ ወጡ ይታሸጋል፣ የቡናው ቴርሞስ ይፈለጋል።

የጉዞው ዓላማ ጄኔራል ሸርማን የተባለው ዛፍ ነው። ቁመቱ 84 ሜትር ገደማ፣ ዕድሜው በግምት 2,200 ዓመት ነው። በርዝመት የዓለም አንደኛ አይደለም፤ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃይፐሪየን የተባለው ዛፍ ከ115 ሜትር ያልፋል። ሸርማን አንደኛ የሆነው በግንዱ ይዘት ሲሆን ይህም 1,487 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሜትር ኩብ ግን ለቤተሰብ አይመችም። ስለዚህ ሁሉም በየራሱ መለኪያ ይለካዋል።

አባት የሚለካው በቤት ነው፦ «ይሄ እኮ ስንት ቤት ይወጣዋል!» በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት ጣውላ ነጋዴዎችም እንደዚሁ አስበው ነበር። የትልልቆቹ ሴኮያዎች እንጨት ግን ተሰባሪ ነው፤ ዛፉ መሬት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ከተረፈው ብዙው የአጥር ቋሚና የጣሪያ ክዳን ሆነ። አባት ይህን ከሰማ በኋላ ለዛፉ ያለው አክብሮት በዓይን በሚታይ መጠን ይቀንሳል።

ልጆቹን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡት አያት በበኩላቸው ያማትቡና ደብሩን ይፈልጋሉ። ይህን ያህል ዘመን መጥረቢያ ያልነካው ዛፍ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካልሆነ የት ሊሆን ይችላል? በሰሜን ኢትዮጵያ ከአገር በቀሉ ደን አብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ስለሆነ መላ ምታቸው ከሳይንስ አንጻር እንከን የለውም። እዚህ የጥበቃውን ሥራ የያዘው መንግሥት መሆኑ ሲነገራቸው፣ ከ1890 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ መሆኑም ሲታከልበት፣ ዝም ይላሉ። ያመኑ አይመስሉም።

እናትን የሚያሳምናት ሌላ ነገር ነው። በ2021 ሰደድ እሳት ሲመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሸርማንን ግርጌ እሳት በሚከላከል የአሉሚኒየም መጠቅለያ ጠቅልለውት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በፎይል ስትጠቀልል ላደረች ሴት ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የማይዋጥላት የድቡ ደንብ ነው፤ ምግብ ድብ በማይከፍተው የብረት ሣጥን ይቀመጣል፣ ሣጥኑም የጋራ ነው። ዶሮ ወጡ ከማያውቁት ሰው ሳንድዊች ጋር ይቆለፍበታል።

ልጆቹ ፎቶ ያነሣሉ። ዛፉ ስልኩ ውስጥ አልገባም፤ በየፎቶው ያለው ቤተሰቡና ከኋላው የቆመ ቡናማ ግድግዳ ነው።

ወደ ዛፉ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ መልሱ አቀበት፣ ያውም 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ። አባት አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ እንደምትል በቁና ቁና ትንፋሹ መካከል ያስረዳል። ለዓመታት ባሕር ዳርቻ መኖሩን አያነሣም። አግዳሚ ወንበር ባገኘ ቁጥርም ቁጭ ብሎ ስለ ሴኮያ ቅርፊት ውፍረት ለልጆቹ ትምህርት ይሰጣል። እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ወንበሮቹም በርካታ ናቸው።