ጡረተኛን በመጽሐፍ የመሸኘት ጥበብ

ለጥንቁቅ ጡረተኛ የገንዘብ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። አርባ ዓመት ለፍቶ ያጠራቀማትን ላለማጣት የሚሳሳን ሰው በሁለት መቶ ገጽ ቁማርተኛ ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም። ይህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተራቅቆ ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ ሽፋኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ይኑር፣ ቁጥሩ ከየት መጣ ተብሎ ግን አይጠየቅ።

በኢሊኖይ ግዛት ቢርድስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ እናቶች የመሠረቱት የአክሲዮን ክበብ እ.ኤ.አ. በ1994 መጽሐፍ አወጣ። በዓመት በአማካይ 23.4 በመቶ አትርፈናል ይላል፤ በየመሃሉም የምግብ አሠራር ጣል ያደርጋል። ለጡረተኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይመረጣል? በ1998 ስሌቱ ሲፈተሽ ግን አባላቱ በየወሩ ያዋጡት ገንዘብ ከትርፉ ጋር ተደምሮ ተገኘ፤ የእውነቱ ትርፍ 9.1 በመቶ ነበር። እቁብተኛ የገዛ መዋጮውን ትርፍ ነው ቢል መንደር ይስቅበታል፤ ይህ መጽሐፍ ግን በመቶ ሺዎች ተሸጧል። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ የምግብ አሠራሩን ኦዲተር አላስተባበለውም።

በ1999 ደግሞ ጄምስ ግላስማንና ኬቪን ሃሴት «ዳው 36,000» የሚል መጽሐፍ አቀረቡ። ያኔ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ 10,000 ገደማ ነበር፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ 36,000 ሊገባ ይችላል ተባለ። በ2002 ከ7,300 በታች ወረደ። «በመጨረሻ ደርሷል እኮ!» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2021 ደርሷል። በ65 ዓመቱ መጽሐፉን ያመነ ጡረተኛ፣ በሕይወት ከቆየ፣ ደስታውን በ87 ዓመቱ አይቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ባለቤቱ ምርኩዝ ይዟል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «አስፈሪ መጽሐፍ ብንሰጣቸው ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ይቀብሩታል፣ የዋጋ ንረትም ይበላዋል» የሚለው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከ1949 ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቤንጃሚን ግራሃም «ብልኁ ኢንቨስተር» በተባለው መጽሐፉ፣ ጥንቁቅ ሰው በአክሲዮን የሚያስቀምጠው ከ25 በመቶ አይነስ፣ ከ75 በመቶም አይብለጥ፣ የቀረው በቦንድ ይሁን ይላል። መጠንቀቅና መሸሽ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያሰለቻል። አንባቢውን በአምስት ዓመት አያበለጽግም፤ ይባስ ብሎ ራሱ እንዲያሰላ ያስገድደዋል። መራጮቻችንም ጡረተኛው እንዳይደክመው አዝነው፣ ከመሰልቸት አድነው ለኪሳራ ይሰጡታል።

እንግዲህ ለአባትህ ወይም ለእናትህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልትገዛ ከሆነ ሽፋኑን እለፍና ስሌቱ ያለበትን ገጽ ፈልግ። ስሌት ከሌለው መልሰህ አስቀምጠው፤ የምግብ አሠራር ካለው ግን ለማድ ቤት ይሆናል።